ካውቦዩን ያለበሱት ልብስ ሰፊዎች

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ሳምንት በአዳራሹ የተደረገ ንግግር)



በዚህ በዓል ላይ ንግግር እንዳደርግ በታዘዝኩ ጊዜ ጓደኞቼ ስለ ጠፈር ጉዞ ወይም ስለ አንድ ታላቅ የጦር መሪ እንድናገር መክረውኝ ነበር። እኔ ግን የመረጥኩት ስለ ልብስ ሰፊዎች መናገርን ነው። ይህን ስል ከወደ ኋላ ወንበር የሳቁ አሉ። ይሳቁ፤ ሳቃቸው ራሱ ለንግግሬ ይጠቅመኛል፤ ምክንያቱንም ወደ መካከሉ ስደርስ እገልጻለሁ።

የምናገርላቸው ሰዎች አሜሪካን አገር የኖሩ ናቸው። ሥራቸውም ለዘፋኞች፣ ለሲኒማ ተዋንያንና በፈረስ ትርዒት ለሚያሳዩ ሰዎች በጥልፍ ያሸበረቀ፣ በብርጭቆ ፈርጥ የሚያንጸባርቅ የካውቦይ ልብስ መስፋት ነበር። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ካውቦይ የሚለው ቃል ሲተረጎም ከብት ጠባቂ ማለት ነው። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በ1865 ካበቃ በኋላ፣ በቴክሳስ የተራባውን የቀንድ ከብት ወደ ሰሜን እየነዳ ካንሳስ ውስጥ እስከሚገኘው የባቡር ጣቢያ የሚያደርስ ደመወዝተኛ ነበር። ገመድ አወራወሩንና ኮርቻ አጠቃቀሙን የተማረው ከሜክሲኮ ከብት ጠባቂዎች ነው። ከካውቦዮቹም መካከል ብዙ ጥቁሮችና ሜክሲካውያን ነበሩ፤ በድሮ ፊልሞች ላይ ግን እምብዛም አናያቸውም። ልብሱ አቧራ የጠገበ እጀ ጠባብ፣ ወፍራም ሱሪ፣ እግሩን ከእሾህ የሚከላከል የቆዳ ገምባሌ፣ ፀሐይ የሚመክት ሰፊ ባርኔጣ ነበር። ጥልፍ የሚባል ነገር አላየም፤ ቢያይም ከላሞቹ ኋላ ሲሄድ ምን ሊያደርግለት!

በነገራችን ላይ ዛሬ ሁላችንም የምንለብሰው የጂንስ ሱሪ እንኳ በአንድ ልብስ ሰፊ እጅ የተሻሻለ ነው። ይህ ሰው ሪጋ በተባለችው የባልቲክ ባሕር ከተማ ተወልዶ ወደ አሜሪካ የተሰደደው ጃኮብ ዴቪስ ነው። በኔቫዳ ክፍለ ሀገር ሬኖ በምትባል ከተማ ሲሠራ የወዛደሮች ሱሪ ኪስ ቶሎ ቶሎ እየተቀደደ ስላስቸገረው የኪሱን ጥግ በብረት ችንካር ቢመታው ጸና። የፈጠራ መብቱን ለማስመዝገብ ገንዘብ ስላጠረው ጨርቅ ለሚሸጥለት ነጋዴ፣ ለሌቪ ስትራውስ፣ ደብዳቤ ጻፈለት። በ1873 መብቱ ተመዘገበ። የነጋዴው ስም እስከ ዛሬ ድረስ በዓለም ሁሉ በሱሪ ላይ ተጽፎ ይገኛል። የልብስ ሰፊውን ስም የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።

ታዲያ ያ ባለ አቧራ ሰው እንዴት ባለ ጥልፍ ሆነ? ያደረገው ትርዒት ነው። ቡፋሎ ቢል በሚል ስም የታወቀው ዊሊያም ኮዲ ከ1883 ጀምሮ ፈረሰኞችንና ተኳሾችን ይዞ ከከተማ ወደ ከተማ እየዞረ የምዕራቡን ኑሮ እንደ ቲያትር ያሳይ ነበር። ቀጥሎም ድምፅ የሌለው ሲኒማ መጣ፤ ቶም ሚክስ የተባለው ተዋናይ ትልቅ ነጭ ባርኔጣና ያጌጠ ልብስ ለብሶ በፈረሱ ሲጋልብ ሕዝቡ እጅግ ወደደው። ሲኒማው መናገር ከጀመረ በኋላ ደግሞ ከ1935 አንሥቶ ጂን ኦትሪ፣ ከእሱም ቀጥሎ ሮይ ሮጀርስ ጊታር ይዘው የሚዘፍኑ ካውቦዮች ሆኑ። የሚዘፍን ካውቦይ ላብ አያውቅም፤ ከፈረስ ቢወድቅም ሱሪው አይቆሽሽም። እንግዲህ ይህን ዓይነት ሰው የሚያለብስ ባለሙያ አስፈለገ።

በአገራችን «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» ይባላል። ተረቱ ብዙ ጊዜ እውነት ነው፤ በዚህ ነገር ላይ ግን አልሠራም። ከአሜሪካዊም ሁሉ ይልቅ አሜሪካዊ ተብሎ የሚቆጠረውን የካውቦዩን የክብር ልብስ ቆርጠው የሰፉት ታላላቆቹ ባለሙያዎች በቴክሳስም ሆነ በካንሳስ የተወለዱ አልነበሩም። ሮዲዮ ቤን የተባለው ሰው ትክክለኛ ስሙ በርናርድ ሊክተንስታይን ሲሆን ከፖላንድ የመጣ ነው። ናታን ተርክም ከምሥራቅ አውሮፓ የመጣ ነው። ከሁሉም ይልቅ ስሙ የገነነው ኑዲ ኮን በ1902 በኪየቭ ከተማ ተወለደ። ሦስቱም አይሁዶች ናቸው። ከእነሱ በኋላ የተነሣው ማኑኤል ኩዌቫስ ደግሞ በ1933 በሜክሲኮ፣ ሚቾአካን በሚባለው ክፍለ ሀገር ውስጥ ኮአልኮማን በምትባል ከተማ ተወለደ።

ይህ ነገር በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። በሩሲያ ነገሥታት ዘመን አይሁዶች የሚኖሩበት አውራጃ ተወስኖላቸው ነበር፤ መሬት እንዳይዙና ብዙ ዓይነት ሥራ እንዳይሠሩ ሕጉ ይከለክላቸው ነበር። መሬት የተከለከለ ሰው እጁን ያሠለጥናል። መርፌ ድንበር ስትሻገር ቀረጥ አይጠየቅባትም፤ ቤቱ ቢቃጠልበትም ሙያው ከእሱ ጋር ይሄዳል። የታሪክ መምህራችን እንዳስተማሩን በአገራችንም ቤተ እስራኤል ርስት በመነፈጋቸው በአንጥረኝነት፣ በሸማ ሥራና በሸክላ ሥራ ይተዳደሩ ነበር። እኛም የሠሩትን ማረሻና ጀበና እየተጠቀምን በስተ ጀርባ ክፉ ስም እንሰጣቸው ነበር። የኪየቩ ልጅና የጎንደሩ ባለሙያ ባይተዋወቁም ዕጣቸው ይመሳሰላል።

ከላይ ስለ ሳቁት ጓደኞቼ እገልጻለሁ ያልኩት እዚህ ላይ ነው። እኔ የልብስ ሰፊ ልጅ ነኝ። አባቴ ከአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ በእግር የምትረገጥ የሲንጀር መኪና ይዘው እስከ ዛሬ ይሠራሉ። በዝቅተኛ ክፍል ሳለሁ «የአባትህ ሥራ ምንድን ነው?» ተብዬ ስጠየቅ የምሰጠው መልስ ሁልጊዜ አጭር ነበር፤ ምክንያቱም የእጅ ሥራን እንደ ውርደት የሚቆጥር አመለካከት ከአያቶቻችን ወርሰን እስከ ትምህርት ቤት ድረስ ይዘነው ስለመጣን ነው። በሐረር ከተማ ግን የልብስ ሰፊዎቹን መንገድ ሕዝቡ በመኪናዎቻቸው ድምፅ «መኪና ግርግር» ብሎ ሰይሞታል። እንዲህ ያለ ስም ለሌላ ሙያ ሲሰጥ አልሰማሁም።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ሮዲዮ ቤን ሱቁን የከፈተው ከካውቦይ አገር እጅግ ርቃ በምትገኘው በፊላዴልፊያ በ1930 ነው። የፈረስ ትርዒት የሚያሳዩ ሰዎች ወደ ምሥራቁ ከተሞች ሲመጡ እሱ ዘንድ ይሰፉ ነበር። በ1947 ራንግለር የተባለው የጂንስ ሱሪ ሲወጣ ለፈረሰኛ እንዲመች አድርጎ ቅርጹን ያወጣው እሱ ነው። ችንካሩ ኮርቻ እንዳይቧጭር ጠፍጣፋ ሆነ፤ በቁልፍ ፈንታ ዚፕ ገባበት። ይኸው ሰው ነው እንግዲህ ለሲኒማ ሰዎች ደግሞ የሚያንጸባርቀውን ልብስ የሚሰፋው። ለሥራና ለትርዒት መስፋትን ለይቶ የሚያውቅ ባለሙያ ነበር።

ናታን ተርክ በበኩሉ ሎስ አንጀለስ አጠገብ ሲሠራ በአውሮፓ መንደር ሴቶች በቀሚሳቸውና በመጋረጃቸው ላይ የሚጠልፉትን አበባና ሐረግ ወስዶ በካውቦይ ኮት ላይ አሳረፈው። የፖላንድና የሩሲያ አበባ በካሊፎርኒያ ፀሐይ ላይ በቀለ ማለት ነው። ከደንበኞቹ መካከል «ማዶክስ ወንድማማቾችና ሮዝ» የሚባሉት ዘፋኞች ይገኙበታል። እነዚህ የአንድ ቤተሰብ ልጆች በ1933 በዚያ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ከአላባማ ተነሥተው፣ በጭነት ባቡር ላይ እየተንጠላጠሉ ካሊፎርኒያ የገቡ ናቸው። እዚያም ፍራፍሬ ለቃሚዎች ሆኑ። እንደ እነሱ ያሉትን ድሆች የአገሩ ሰው ይንቃቸው ነበር። በኋላ መዝፈን ጀምረው ጥቂት ገንዘብ ሲይዙ ወደ ተርክ ሄደው አበባ በአበባ የሆነ ልብስ አሰፉ። በአሜሪካ ከሁሉ የደመቁ የገጠር ዘፋኞች እየተባሉም ተጠሩ። ይህን ሳነብ «ብዙ ማጌጥ ከንቱ ነው» ብዬ ለመፍረድ አልደፈርኩም። በቡቱቶ የተናቀ ሰው በጥልፍ ቢመልስ ምን ይደንቃል?

አሁን ስለ ኑዲ እናገራለሁ። እናትና አባቱ ያወጡለት ስም ኑታ ኮትልያሬንኮ ነው። በአይሁዶች ላይ ከሚደርሰው ጭፍጨፋ እንዲያመልጥ የ11 ዓመት ልጅ ሳለ ከወንድሙ ጋር ወደ አሜሪካ ተላከ። የመርከብ ስደተኞች በሚመዘገቡበት በኤሊስ ደሴት ጸሐፊው ስሙን በደንብ ባለመስማቱ «ኑዲ» ብሎ መዘገበው ይባላል። ይህ ቃል በእንግሊዝኛ ሲሰማ «ራቁቱን» ከሚለው ቃል ጋር ይመሳሰላል። ሰው ሁሉ በሚያለብሰው ባለሙያ ላይ እንዲህ ያለ ስም መውጣቱ እሱን ራሱን እያሳቀው ዕድሜውን ሙሉ ተጠርቶበታል።

ጫማ ጠራጊ ሆነ፤ ቦክስም ተጋጠመ፤ ብዙ ከተሞችን ዞረ። በሚኔሶታ ክፍለ ሀገር በማንካቶ ከተማ ቦቢ የምትባለውን ልጃገረድ አግኝቶ በ1934 ተጋቡ። ወደ ኒው ዮርክም ሄደው ለቲያትር ቤት ጨፋሪ ሴቶች የውስጥ ልብስ የሚሰፉበት ሱቅ ከፈቱ። ይህን በትምህርት ቤት አዳራሽ ማንሣት ነውር የሚመስለው ቢኖር ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ሆኖም ከታሪኩ ሊወጣ አይችልም። ጨፋሪዎቹ የሚለብሱት ትንሽ ጨርቅ በመብራት ፊት እንዲያበራ የብርጭቆ ፈርጥ ይደረግበት ነበርና፣ ኑዲ ብርሃንን በጨርቅ ላይ መስፋት የተማረው እዚያ ነው።

በ1940ዎቹ መጀመሪያ ባልና ሚስቱ ወደ ካሊፎርኒያ ተሻገሩ። ሱቅ አልነበራቸውም፤ ሥራው የሚሠራው በመኖሪያ ቤታቸው የመኪና ማቆሚያ ክፍል ውስጥ ነበር። በ1947 ኑዲ ቴክስ ዊሊያምስ የሚባለውን ገና ያልበለጸገ ዘፋኝ አግኝቶ አንድ ሐሳብ አቀረበለት። ዊሊያምስ ፈረስ በሐራጅ ሸጦ በገንዘቡ የስፌት መኪና እንዲገዛለት፣ እሱም በምትኩ ልብስ እንዲሰፋለት ተስማሙ። ፈረሱ ተሸጠ፤ መኪናው ተገዛ። አባቴ ይህን ስነግራቸው «የማያውቁትን ሰው አምኖ ፈረሱን የሸጠው ዘፋኝ ከልብስ ሰፊው ይበልጣል» አሉ። ልክ ሳይሆኑ አይቀሩም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ዝና ነው። ሮይ ሮጀርስ፣ ጂን ኦትሪ፣ ሃንክ ዊሊያምስ፣ የቴሌቪዥን ዘፋኞች ሁሉ ደንበኞቹ ሆኑ። ኑዲ ግን ዝናው እስኪመጣ እጁን አጣጥፎ አልጠበቀም። ፖርተር ዋጎነር ለሚባለው የሚዙሪ ገበሬ ልጅ አንድ ሙሉ ልብስ በነጻ ሰፍቶ ሰጠው። ቀለሙ እንደ ኮክ ፍሬ የቀላ ሆኖ፣ በጀርባው ላይ ሸራ የለበሰ ጋሪ፣ በሱሪው ላይ ደግሞ የጋሪ መንኮራኩሮች የተጠለፉበትና ፈርጥ የተደረደረበት ነበር። ኑዲ ያሰበው ዘፋኙ በሄደበት ሁሉ የሱቁ ማስታወቂያ እንዲሆንለት ነው። ሆነለትም። ዋጎነር ከዚያ በኋላ ሌላ ልብስ ለብሶ መድረክ ላይ የታየበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ጋሪው ለምን ተጠለፈ? በእንግሊዝኛ «ዋጎን» ማለት ጋሪ ነውና የዘፋኙን ስም በሥዕል መጻፉ ነው። ዌብ ፒርስ ለሚባለው ዘፋኝ የሸረሪት ድር ጠለፈለት፤ «ዌብ» ማለት ድር ነው። ሃንክ ዊሊያምስ በነጭ ልብሱ ላይ የሙዚቃ ኖታዎች ተጠልፈውለት ነበር። እኛ ሰምና ወርቅን በቃል እንቀኛለን፤ እነዚህ ሰዎች በክር ተቀኙት ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በመጨረሻው መደዳ የተቀመጠ፣ ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ዘፋኙ ማን እንደሆነ ከልብሱ ያነባል።

አሁን አሠራሩን ላስረዳ፤ ከዚህ ንግግር እኔን ይበልጥ ደስ የሚያሰኘኝ ይህ ክፍል ነው። ጨርቁ ብዙ ጊዜ ጋባርዲን የሚባለው ጥብቅ የሱፍ ጨርቅ ነው፤ ጥልፉን የሚሸከም ጠንካራ ጨርቅ ያስፈልጋልና። መጀመሪያ ልክ ይወሰዳል፤ ቁራጮቹ ይቆረጣሉ፤ ግን ወዲያው አይገጣጠሙም። ሥዕሉ በወረቀት ላይ ይነደፍና በመስመሩ ላይ በመርፌ ይበሳሳል። ወረቀቱን በጨርቁ ላይ አንጥፎ በላዩ የጠመኔ ዱቄት ሲያሹበት ዱቄቱ በቀዳዳዎቹ አልፎ ሥዕሉን በነጥብ ያትማል። ጥልፉ የሚጠለፈው ጨርቁ ገና ጠፍጣፋ ሳለ ነው።

የሚጠለፍበት መኪና በተለምዶ ኮርኔሊ ይባላል። በ1860ዎቹ ዓመታት ቦናዝ የሚባል ፈረንሳዊ ፈለሰፈው። ኮርኔሊ የተባለው ሰው ደግሞ መብቱን ይዞ አስፋፋው። እንደ አባቴ መኪና ሁለት ክር አይቆላለፍበትም። ቀለበት ቀለበቱን እየያያዘ የሚሄድ የአንድ ክር ሰንሰለት ይሠራል። በጠረጴዛው ሥር እጀታ አለ፤ ጠላፊዋ በአንድ እጇ እጀታውን እያዞረች አቅጣጫውን ትመራለች፤ ልክ ፈረሰኛ ልጓም እንደሚይዝ ማለት ነው። ጨርቁን ሳታዞር መርፌው ወደ ፈለገችበት ይሄድላታል። ክቡ፣ ቅጠሉ፣ የፈረሱ ጋማ ሁሉ ከአንዲት እጀታ ይወጣል። ችግሩ ግን አንድ ነው። የዱቄት ጆንያ አፍ የተሰፋበትን ክር ጫፉን ይዛችሁ ስትስቡት እንዴት ሙልጭ ብሎ እንደሚተረተር አይታችኋል። የሰንሰለት ጥልፍም እንዲሁ ነው፤ መጨረሻው በደንብ ካልታሠረ የአንድ ሳምንት ሥራ በአንድ ስበት ይጠፋል። በሎስ አንጀለስ በዚህ ሥራ የተመሰገነችው ቪዮላ ግሬ የምትባል ሴት ናት፤ ማኑኤልም ጥልፍን የተማረው ከእሷ ነው።

ጥልፉ ካለቀ በኋላ ፈርጡ ይመጣል። እንደ ዕንቁ የተወቀረ ብርጭቆ ሲሆን ብርሃን እንዲመልስ ከጀርባው እንደ መስተዋት ይቀባል። በኦስትሪያ ቲሮል አገር ዋተንስ በምትባል መንደር ስዋሮቭስኪ በ1895 ፋብሪካ አቋቁሞ በመኪና መወቀር ከጀመረ ወዲህ ዋጋው ረከሰ። እያንዳንዱ ፈርጥ ጥርስ ባለው ትንሽ የብረት ሳህን ላይ ተቀምጦ ጥርሶቹ ጨርቁን ወግተው ይታጠፋሉ። አንድ ፈርጥ ለማሰር ብዙ ጊዜ አይፈጅም። ግን በአንድ ኮት ላይ በሺህ የሚቆጠሩ ሲሆኑ አስቡት! ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ኮቱ የሚገጣጠመው፤ ገበሩ የሚገባው፤ ዘርፉ በእጅጌው ላይ የሚንጠለጠለው። በግራና በቀኝ ደረት ያለው ሥዕል አንዱ ካንዱ በክር ውፍረት እንኳ ቢዛነፍ በመድረክ መብራት ፊት ወዲያው ይታወቃል።

ኤልቪስ ፕሬስሊ በ1957 የለበሰው የወርቅ ልብስ ከኑዲ ሱቅ ወጥቶ ከሁሉ የታወቀው ነው። አሠሪው ሥራ አስኪያጁ «ኮሎኔል» ፓርከር ነበር። ይህም ሰው አሜሪካዊ ነኝ እያለ ይኖር እንጂ ሆላንድ አገር ተወልዶ በሥውር የገባ ስደተኛ መሆኑ በኋላ ተገልጧል። ልብሱ ከኮት እስከ ሱሪ ወርቀ ዘቦ ሆኖ 10,000 ዶላር እንደወጣበት ለጋዜጣ ተነገረ። የማስታወቂያ ዋጋ ስለሆነ ሁሉን ባላምንም፣ ወሬው ራሱ ዋጋውን መልሷል። ኤልቪስ ግን አልተመቸውም። ልብሱ ከባድና ሙቀት የሚይዝ ነው፤ እሱ ደግሞ እየዘፈነ በጉልበቱ የሚንበረከክ ሰው ነው። በተንበረከከ ቁጥርም ወርቁ ይላጥ ነበር። «ሲያጌጡ ይመላለጡ» ማለት ይኸው ነው! ብዙም ሳይቆይ ሱሪውን ትቶ ኮቱን ብቻ ከጥቁር ሱሪ ጋር መልበስ ጀመረ። ሆኖም በ1959 በወጣው የዘፈን ሸክላ ሽፋን ላይ በሙሉ ልብሱ ስለታየ ሕዝብ የሚያስታውሰው ያንኑ ነው።

ኑዲ ራሱ እንደ ደንበኞቹ ይለብስ ነበር። በትልልቅ መኪናዎቹ ላይ የበሬ ቀንድ፣ የሽጉጥ ቅርጽ ያለው የበር እጀታና የብር ዶላር እየተለጠፈ በከተማው ይዞር ነበር። እውነቱን ለመናገር ይህ ለእኔ በዛብኝ። በዶላር ኖት ላይ ባለው በጆርጅ ዋሽንግተን ፊት ላይ የራሱን ፎቶግራፍ ለጥፎ ለሰው ማደሉም ከማስታወቂያ ያለፈ ቀልድ ነው። ነገር ግን አንድ ልማድ ነበረው። አንድ ዓይነት ጫማ አድርጎ አይወጣም፤ ሁለቱ ቡትሶቹ የተለያዩ ናቸው። የተጣጣመ ጫማ ለመግዛት አቅም ያጣበትን ዘመን እንዳይረሳ ነው ይባላል።

በ1960ዎቹ ውስጥ የናሽቪል ዘፋኞች የከተማ ሰው መምሰል ፈልገው የጨዋ ጥቁር ኮት ሲለብሱ የፈርጡ ልብስ እንደ ባላገር ነገር መቆጠር ጀምሮ ነበር። ያን ጊዜ ያነሡት ጸጉራቸውን ያስረዘሙ የሮክ ሙዚቃ ወጣቶች ናቸው። ከእነሱ አንዱ ግራም ፓርሰንስ ነው። በኑዲ ሱቅ ዋናው ባለሙያ ሆኖ ይሠራ የነበረው ማኑኤል በ1969 ለወጣው ሸክላ ነጭ ልብስ ሰፋለት። በጀርባው ላይ ትልቅ መስቀል፣ በሱሪው ላይ ወደ ላይ የሚንበለበል እሳት አለ። ከፊት ያሉት ግን የኦፒየም አበባ፣ የሐሺሽ ቅጠልና የመድኃኒት እንክብሎች ናቸው። ዘፋኙ የሚያጠፋውን ነገር ራሱ አዝዞ በደረቱ ላይ አስጠለፈው። በ1973 በ26 ዓመቱ በአደገኛ ዕፅና በመጠጥ ምክንያት ሞተ። ልብሱ ዛሬ በናሽቪል ሙዚየም ይገኛል። ፎቶግራፉን ሳየው ጥልፉ እጅግ ያማረ ነው፤ ማማሩም ያሳዝነኛል። የሰፋው ሰው ምን ማድረግ ነበረበት? ይህን አባቴን ጠይቄያቸው ነበር። ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ቆይተው «ልብስ ሰፊ ያዘዙትን ይሰፋል፤ ግን ልክ ሲወስድ መናገር ይችላል» አሉኝ። ማኑኤል ይናገር አይናገር የምናውቀው ነገር የለም።

ማኑኤል መስፋት የጀመረው ገና ሰባት ዓመት ገደማ ሳለ ከታላቅ ወንድሙ ተምሮ ነው። ከፍ ሲል ለከተማው ልጃገረዶች የበዓል ቀሚስ ይሰፋ ነበር። ወደ ሎስ አንጀለስ መጥቶ መጀመሪያ የከተማ ባላባቶችን ሱፍ በሚሰፋ ሱቅ ገባ፤ ደመወዙ መልካም ቢሆንም ዝምታው ሰለቸው። የአገሩ ባለ ብር ቁልፍ የፈረሰኛ ልብስ በዓይኑ ላይ ነበርና ወደ ኑዲ ሄደ፤ የኑዲንም ልጅ አገባ። ጋብቻው ሲፈርስ በ1975 የራሱን ሱቅ ከፈተ። ኑዲ በ1984 በ81 ዓመቱ አረፈ። ሚስቱ ቦቢ ሱቁን ከልጅ ልጃቸው ጋር እስከ 1994 አቆየችው፤ ከመጀመሪያውም ሒሳቡንና ደንበኛውን የምትይዘው እሷ ነበረች።

ማኑኤል በ1980ዎቹ መጨረሻ ወደ ናሽቪል ተዛውሮ ለአሜሪካ 50 ክፍላተ ሀገር ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ኮት ሰፋ፤ በየኮቱ ላይም የየአገሩን አበባና ወፍ ጠለፈ። በ2018 የአሜሪካ መንግሥት የሥነ ጥበብ ተቋም ለባህል ሙያ ጠባቂዎች የሚሰጠውን ከፍተኛ ክብር ሰጠው። የሜክሲኮው ልጅ ነው እንግዲህ የአሜሪካ ባህል ጠባቂ ተብሎ የተሸለመው።

ይኸው ሰው ከፈርጥ ሁሉ የራቀውን ልብስም ሰፍቷል። «ጥቁር ለባሹ» የሚባለውን የጆኒ ካሽን ልብስ ማለቴ ነው። ማኑኤል እንደሚተርከው ካሽ ብዙ ልብስ አዝዞ ሊወስድ ሲመጣ ሁሉም ጥቁር ሆኖ አገኘው። ምክንያቱን ቢጠይቀው በዚያ ሳምንት ጥቁር ጨርቅ በርካሽ ይሸጥ እንደነበረ ነገረው። ካሽም ልብሶቹን ተሸክሞ ሄደ።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ መኪናቸውን ሸፍነው ለመጡት ለአባቴ ምስጋናዬን አቀርባለሁ።